ሽለላ በሳክስፎን፦ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሕይወትና የእኔ ጥፋት

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ የሠራሁት ጥፋት ነው። እሱን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዋናው ሰው ልለፍ።

የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ደባይ ጥላት ግን ወረዳ፣ ቁይ ነው። ኦርጋን መጫወት የለመድኩት ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሲሆን፣ በጥር ወር ሰርግ ላይ እየተጫወትኩ የደብተርና የልብስ መግዣ አገኝ ነበር። የታላቅ ወንድሜ ሰርግ ላይም የተጫወትኩት እኔው ነኝ። ታዲያ ዳሱ ውስጥ ጭፈራው ሞቅ ብሎ ሳለ አያቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና መሸለል ጀመሩ። ድምፃቸው በእርጅና ሰልሏል፣ ትንፋሽም ያጥራቸዋል። ከከተማ የመጡ እንግዶች ነበሩና አፈርኩ። እጄን ሰደድ አድርጌ የኦርጋኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። አያቴ ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ቦታቸው ተቀመጡ። ማንም ምንም አላለኝም። እሳቸውም እስከ ዛሬ አላነሡብኝም።

ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ አንድ የዶርም ጓደኛዬ በስልኩ አንድ ሙዚቃ አሰማኝ። ዘፋኝ የለውም፣ ግጥምም የለውም። የሚሰማው ሳክስፎን ነው፤ ግን ሳክስፎኑ ይሸልላል! አያቴ ቃሉን ጎትተው ጎትተው በድንገት እንደሚቆርጡት፣ ጉሮሯቸውን እንደሚያንቀጠቅጡት፣ ልክ እንደዚያ። የማን ነው ብዬ ስጠይቅ የጌታቸው መኩሪያ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እኚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳዳምጥ ቆይቻለሁ።

ጋሽ ጌታቸው የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ይፋት ነው። ይፋት ከእኛ ከጎጃም ሩቅ ቢሆንም ቀረርቶው፣ ሽለላውና ፉከራው የጋራ ነው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የያዙት መሣሪያ ሳክስፎን አልነበረም። ክራርና መሰንቆ ነበር። ክላርኔቱና ሳክስፎኑ የመጡት ኋላ ነው። ስለዚህ የነሐሱን መሣሪያ ሲያነሱ በጆሯቸው ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ዜማ ነበራቸው ማለት ነው።

ሥራ የጀመሩት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ዘመናዊ ሙዚቃ በአገራችን የሚሰጠው በእንዲህ ዓይነት የመንግሥት ጓዶች ነበር። ነገሩን ካስፋፉት መካከል ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይገኙበታል። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በማዘጋጃ ቤቱ ኋላም በቴአትር ቤቱ ሙዚቀኞችን ሲያሠለጥን ኖሯል። እንግዲህ አንድ የይፋት ልጅ ኖታ ማንበብንና በኅብረት መጫወትን የተማረው በዚህ ዓይነት ቤት ነው። እዚያ የሚፈለገው ሁሉም እኩል ገብቶ እኩል እንዲወጣ ነው። ሽለላ ደግሞ በተፈጥሮው ሰው አይጠብቅም።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው፣ ሲከፈት ጋሽ ጌታቸው ወደ ቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ገቡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተዛወሩ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ስመ ጥር ድምፃውያንን አጅበዋል። አጃቢ ሆኖ መኖር ይቻላቸው ነበር፤ ደመወዝም ክብርም ነበረውና። እሳቸው ግን ሌላ ነገር አሰቡ። ሰው በአፉ የሚሸልለውን በሳክስፎን መጫወት ጀመሩ።

ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሽለላ የሚለካ ምት የለውም። ሸላዩ ትንፋሹ እስከፈቀደለት ድረስ ድምፁን ይይዛል፣ ይቆርጣል፣ እንደገና ይነሣል። ፉከራው ሲመጣ ደግሞ ቃላቱ እንደ ጥይት ይከታተላሉ። ጋሽ ጌታቸው ሲጫወቱ ባንዱ ከሥር ምቱን ይዞ ይቆያል፤ ቴነር ሳክስፎኑ ግን በላዩ ላይ እንደፈለገ ይፈነጫል። ድምፁ ይሻክራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል። መድረክ ላይም የሚወጡት እንደ ጀግና ለምድ ለብሰውና የአንበሳ ጎፈር ጭነው ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ለማሳመር ያደረጉት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ሽለላ ያለ ሸላይ ልብስ ስለማይሟላላቸው ይመስለኛል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ጨዋታቸውን በአንድ ሙሉ የሸክላ አልበም አስቀረጹት። አልበሙ በፊሊፕስ ስም ወጣ፤ ርዕሱም የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል ነው። ሽለላው፣ አንቺ ሆዬው፣ አምባሰሉ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ዘመኑ የአዲስ አበባ ወጣት በአሜሪካ ሶልና ፈንክ ያበደበት ነበር። እሳቸው በዚያው ከተማ፣ በዚያው መሣሪያ፣ የአያቶቻቸውን ጩኸት ይዘው ቀረቡ። ኋላ ቀር ያላቸው የለም፤ እንዲያውም ንጉሥ ተባሉ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው ገደብ የምሽት ክበቦችን አዳከመ፣ የሸክላ ሥራውም ቆሞ በካሴት ተተካ። ያ አልበም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት 14ኛ ሆኖ በፈረንሳይ አገር እንደገና ታተመ። የውጭ አድማጮች ሲሰሙት ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ከተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሳክስፎን ተጫዋቾች ጋር አመሳሰሉት። ነገር ግን የጋሽ ጌታቸው አጨዋወት ከአሜሪካ የተቀዳ አይደለም። የእሳቸው ምንጭ ሽለላው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ሆላንድ ሄደው ዘ ኤክስ ከሚባል ባንድ ጋር ተገናኙ። ዘ ኤክስ ጃዝ አይጫወትም፤ ጊታሩ የሚጮህ፣ ከበሮው የሚያስደነግጥ የፓንክ ባንድ ነው። ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉት ጋሽ ጌታቸው ራሳቸው እነዚህን ሰዎች አጃቢ እንዲሆኗቸው መረጧቸው። ብዙዎቻችን ብንሆን እንሸሽ ነበር። እሳቸው ግን በጩኸታቸው ውስጥ ፉከራ የሰሙ ይመስለኛል። በእ.ኤ.አ. 2006 ሞአ አንበሳ፣ በ2012 ደግሞ ያንበሳው ትዝታ የተባሉትን አልበሞች አብረው ሠሩ። በ2008 ኒውዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ፣ በአውሮፓም ብዙ መድረክ ላይ ወጡ። በመጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ለጓደኞቼ ስተርክ አንዱ ተከራከረኝ። ፉከራ እኮ ገዳይ ነኝ ማለት ነው፣ ለዛሬ ምን ይጠቅማል አለኝ። ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ነው። እኔም ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። በኋላ ሽለላውን እንደገና ሳዳምጥ አንድ ነገር ገባኝ። ሳክስፎን ቃል የለውም። እገሌን ጣልኩት፣ እገሌን ማረክሁት አይልም። ቃሉ ሲወጣለት የቀረው የሰው ትንፋሽ፣ የሰው ወኔ ነው። ስለዚህም ነው ሆላንዳዊውም የተቀበለው። እርግጥ የቀረም ነገር አለ፤ የአያቴ ግጥሞች፣ የቦታውና የሰዉ ስም፣ ያ በሳክስፎን አይወጣም። ያንን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ እኛ የትምህርት ክፍሉ ልጆች ካልያዝነው ማን ይይዘዋል?

ጥፋቴ የቱ ላይ እንደሆነም ያኔ ተረዳሁ። ኦርጋን መጫወቴ አልነበረም። ጋሽ ጌታቸውም የፈረንጅ መሣሪያ ነው የያዙት። ልዩነቱ እሳቸው መሣሪያውን ሽለላው እንዲሰማበት ሲያደርጉት፣ እኔ እንዳይሰማ አደረግሁበት።

በዘንድሮው የሴሚስተር ዕረፍት ቁይ ሄጄ ሽለላውን ለአያቴ በስልኬ አሰማኋቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሸላዩ ከየት አገር እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ይፋት ነው አልኳቸው። ከዚያ ሽለላቸውን እንድቀርጽ ለመንኳቸው። ያለ ሰርግና ያለ ሰው፣ በባዶ ቤት አልሸልልም አሉኝ። በመጪው ጥር ግን እህቴ ትዳራለች። ያን ዕለት እንደሚነሡ ቃል ገብተውልኛል፤ ኦርጋኑን ዝም የማሰኘው እኔ ከሆንኩ ነው እንጂ። ቃል ገብቻለሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ እየጠበቅሁ ነው።

እናንተም በየቀያችሁ የሚሸልል፣ የሚያቅራራ ሽማግሌ ካለ ቶሎ ድረሱለት። ቸር እንሰንብት።