ቁድስ የተመለሰችበት ጁምዓ



ቀኑ ጁምዓ፣ ረጀብ 27፣ 583 ዓመተ ሂጅራ ነበር (እ.ኤ.አ ኦክቶበር 2፣ 1187)። የቲክሪት ተወላጁ ሱልጣን ሰላሁዲን አል-አዩቢ (ረሒመሁላህ) ቁድስ ገባ።

ከ88 ዓመት በፊት፣ ያኔም በጁምዓ ቀን፣ የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ሲይዙ ሙስሊሙንና አይሁዱን ጨፍጭፈው ነበር። ሰላሁዲን ግን ደም በደም አልመለሰም። ነዋሪው ቤዛ ከፍሎ በሰላም እንዲወጣ ተስማማ፤ ወንድ 10 ዲናር፣ ሴት 5 ዲናር። መክፈል ካቃታቸው ድሆችም ሁሉንም ባይሆን ብዙዎቹን በነፃ ለቀቀ። በቀጣዩ ጁምዓ በመስጂደል አቅሷ ኹጥባ ተደርጎ ሰላት ተሰገደ።

ሰፈር 27፣ 589 ደማስቆ ላይ ሲሞት፣ ግብፅንና ሻምን የገዛው ሰው ግምጃ ቤት ውስጥ የተገኘው 1 ዲናርና 47 ዲርሃም ብቻ ነበር። ያገኘውን ሁሉ ስለሚሰጥ ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ገንዘብ እጁ ላይ አልቆየም። የቀብሩ ወጪ እንኳ በብድር ተሸፈነ።

ቁድስን ከማስመለሱ በፊት ነፍሱን አሸንፎ ነበር። እኛስ? የበደለን ሰው እጃችን ላይ ሲወድቅ ምን እናደርጋለን? ዛሬ ከሰላት በፊት አንድ ሰው ይቅር እንበል።

አላህ ይዘንለት፤ ለኛም ልቡን ይስጠን። ጁምዓ ሙባረክ!