አልፍሬድ ማርሻልና የኤኮኖሚክስ ዲግሪ

ስለ አገር ሀብትና ስለ ሕዝብ ኑሮ በጥልቅ ለማወቅ ፈልጎ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ኤኮኖሚክስን ዋና ትምህርቱ አድርጎ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት ነው። ሁለተኛው ኤኮኖሚክስን ከፍልስፍና፣ ከታሪክና ከፖለቲካ ትምህርት ጋር አጣምሮ መማር ነው። የመጀመሪያውን የሚደግፉ ሰዎች ጥልቀትን፣ ሁለተኛውን የሚደግፉ ደግሞ ስፋትን ያወድሳሉ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይህን ክርክር ለብዙ ዓመታት ከተሸከሙት ሰዎች ዋነኛው አልፍሬድ ማርሻል ሲሆን፣ የኤኮኖሚክስ ትምህርት ራሱን ችሎ እንዲቆም ያደረገውም እርሱ ነው። የሚያስገርመው ግን ማርሻል ራሱ ወደ ኤኮኖሚክስ የደረሰው በሒሳብ፣ በፍልስፍናና በታሪክ በኩል ዞሮ መሆኑ ነው።

ማርሻል ጁላይ 26 ቀን 1842 በለንደን ከተማ በርመንድሲ በተባለው ሰፈር ተወለደ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ዊልያም ማርሻል የእንግሊዝ ባንክ ጸሐፊ ሲሆን፣ በሃይማኖቱ ጥብቅ፣ በቤቱም ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነበር። ለልጁ የተመኘለት የክህነት አገልግሎት ስለ ነበር፣ እስከ ሌሊት ድረስ እያስቀመጠ ዕብራይስጥ ሳይቀር ያስጠናው ነበር። ሒሳብን ግን ፍሬ እንደሌለው ነገር ይቆጥረው ስለ ነበር፣ የሒሳብ መጽሐፍ በልጁ እጅ ማየት አይወድም ነበር። ልጁ ግን የሚወደው ያንኑ የተጠላውን ትምህርት ነበር።

ትምህርቱን በጨረሰ ጊዜ ማርሻል የመጀመሪያው ከባድ ምርጫ ገጠመው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላቲንና ግሪክ ተምሮ ወደ ክህነት የሚያደርሰው ነፃ የትምህርት ዕድል ተሰጥቶት ነበር። ይህን ቢቀበል ኑሮው የተረጋገጠ ይሆን ነበር። እርሱ ግን ዕድሉን ትቶ ወደ ካምብሪጅ ሄደና ሒሳብ ማጥናት ጀመረ። ወጪውን ለመሸፈን በአውስትራሊያ ሀብት ያፈራው አጎቱ ገንዘብ አበደረው። በ1865 በተደረገው የሒሳብ ዲግሪ ፈተና ከመላው ተማሪ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ። አንደኛ የወጣው ተማሪ ከጊዜ በኋላ ሎርድ ሬሊ ተብሎ በ1904 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሰው ነው። የማርሻል የሒሳብ ችሎታ ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በመጀመሪያ ያሰበው በፊዚክስ ምርምር ለመግፋት ነበር። ይሁን እንጂ በካምብሪጅ ከፈላስፋው ከሄንሪ ሲጅዊክና ከሌሎች ጓደኞች ጋር በሚያደርገው ክርክር ሐሳቡ ወደ ፍልስፍና አዘነበለ። የጀርመን ሊቃውንትን በገዛ ቋንቋቸው ለማንበብ ሲል ወደ ጀርመን አገር ሄደ። በ1868 በኮሌጁ የሥነ ምግባር ሳይንሶች መምህር ሆኖ ተሾመ። ስለ ሰው ልጅ መሻሻል ሲያጠና ደጋግሞ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም የብዙኃኑ ድህነት የግድ መሆን አለበት ወይስ ሊወገድ ይችላል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የጆን ስቱዋርት ሚልን የኤኮኖሚ መጽሐፍ አነበበ፤ ሲያነብም የመጽሐፉን ሐተታ ወደ ሒሳብ ቀመር እየለወጠ የጸናውንና ያልጸናውን ይለይ ነበር።

መጽሐፍ ብቻ ግን አላረካውም። በዕረፍት ጊዜው በየከተማው ድሆች ወደሚኖሩበት ሰፈር እየሄደ በየመንገዱ የነዋሪዎቹን ፊት ይመለከት ነበር። ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ያየውን የአንድ የተጎሳቆለ ሰው ሥዕል ገዝቶ በክፍሉ ውስጥ ሰቅሎት ነበር ይባላል፤ የሥራው ዓላማ ምን እንደ ሆነ እንዲያስታውሰው ነው። ወደ ፋብሪካዎችም እየገባ መሣሪያዎቹን፣ የሥራ ክፍፍሉንና የሠራተኛውን ደመወዝ ያጠና ነበር። በ1875 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የዚያን አገር ኢንዱስትሪና የጉምሩክ ሥርዓት ተመልክቶ ተመለሰ። ስለዚህ ኤኮኖሚክስን ለማስተማር በተነሣበት ጊዜ የሒሳብ ሰው፣ የፍልስፍና ሰውና የፋብሪካ ታዛቢ በእርሱ ውስጥ አብረው ይገኙ ነበር።

በ1877 ሜሪ ፔሊን አገባ። ሜሪ ካምብሪጅ ከተማሩት የመጀመሪያ ሴቶች አንዷ ስትሆን፣ በ1874 የሥነ ምግባር ሳይንሶችን የዲግሪ ፈተና ተፈትና ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ለሴቶች ዲግሪ ስለማይሰጥ ግን ያለ ዲግሪ ቀረች። በዚያን ዘመን የነበረው ደንብ ያገባን መምህር በኮሌጁ አባልነት ስለማያቆይ፣ ማርሻል ቦታውን ለቆ በብሪስቶል አዲስ የተከፈተው ኮሌጅ ኃላፊ ሆነ። በ1879 ባልና ሚስቱ ስለ ኢንዱስትሪ ኤኮኖሚ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በጋራ አሳተሙ። ማርሻል በኩላሊት ሕመም ምክንያት በ1881 ኃላፊነቱን ትቶ ለጥቂት ወራት በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ተቀመጠ፤ ዋናውን መጽሐፉን መጻፍ የጀመረውም በዚያ ነው። በኋላ በኦክስፎርድ ጥቂት ካስተማረ በኋላ በ1885 በካምብሪጅ የፖለቲካል ኤኮኖሚ ፕሮፌሰር ሆኖ ተመለሰ።

የኤኮኖሚክስ መርሖች የተባለው መጽሐፉ በ1890 ታተመ፤ እስከ 1920 ድረስም ስምንት ጊዜ እየታረመ ወጣ። የመጽሐፉ ዋና ትምህርት ዋጋ በአምራቹ ወጪ ብቻ ወይም በገዢው ፍላጎት ብቻ እንደማይወሰን፣ ነገር ግን በሁለቱ መገናኛ ላይ እንደሚጸና ማስረዳት ነው። ማርሻል ዘመንን እንደ ዋና መለኪያ አስገባ። ለምሳሌ ዓሣ አንድ ቀን ገበያ ላይ ሲወጣ የቀረበው ብዛት አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ሆነ ዋጋውን በአብዛኛው የሚወስነው የገዢው ፍላጎት ነው። ፍላጎቱ ለወራት ከቀጠለ አጥማጆቹ ባሉት ጀልባዎች ይበልጥ ይሠራሉ። ለዓመታት ከቀጠለ ደግሞ አዲስ ጀልባ ይሠራል፣ አዲስ አጥማጅም ሙያውን ይማራል፤ ያን ጊዜ በዋጋው ላይ የማምረቻው ወጪ ኃይል እየበረታ ይሄዳል። እንዲሁም የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲለወጥ የሚገዛው ብዛት ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካበትን ዘዴ አዘጋጀ። የጨው ዋጋ ቢቀንስ ሰው ወጡ ላይ ጨው አያበዛም፤ የቅንጦት ዕቃ ዋጋ ሲቀንስ ግን ገዢው ይበዛል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሒሳብ ሊቁ ማርሻል ሒሳቡን ከዋናው ጽሑፍ አውጥቶ በግርጌ ማስታወሻና በመጨረሻው ተጨማሪ ክፍል አስቀመጠው። ሒሳብ ለእርሱ አስተሳሰብን የሚያጠራ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ያስገኘውን ውጤት ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም በሚረዳው ቋንቋ መተርጎም፣ ከኑሮም ምሳሌ መስጠት የጸሐፊው ግዴታ ነው ብሎ ያምን ነበር። በኑሮ ምሳሌ ሊደገፍ ያልቻለ ቀመር ቢቀር ይሻላል ባይ ነበር።

የዲግሪው ጉዳይ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። በካምብሪጅ ኤኮኖሚክስ የሚሰጠው የሥነ ምግባር ሳይንሶች ከሚባለው ትምህርት ጋር ከሎጂክ፣ ከሥነ ልቡናና ከፍልስፍና ጎን ሆኖ ነበር፤ ለታሪክ ተማሪዎችም ጥቂት ይሰጥ ነበር። ማርሻል በዚህ አቀማመጥ ሁለት ጉዳት ተመለከተ። የመጀመሪያው፣ ወደ ፍልስፍና የሚመጡት ተማሪዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ልባቸው በፋብሪካና በገበያ ጉዳይ ላይ አይደለም። ሁለተኛው፣ ወደ ንግድ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ወይም ወደ መንግሥት አስተዳደር ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ኤኮኖሚክስን በሚገባ ለመማር ቢፈልግ፣ ካሉት ሦስት ዓመታት አብዛኛውን ለማይፈልገው ትምህርት ማዋል ይገደዳል። በተቀረው ጊዜ የሚያገኘው ዕውቀት የኤኮኖሚ ወሬ ለመስማት ቢበቃውም፣ አንድን ችግር ራሱ መርምሮ መፍትሔ ለማግኘት አያስችለውም።

ስለዚህ በ1902 ለዩኒቨርሲቲው አባላት ጉዳዩን የሚያስረዳ ጽሑፍ አውጥቶ አሰራጨ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ1903 አዲሱ የዲግሪ ትምህርት ተፈቀደ። ልብ ሊባል የሚገባው ስሙ ነው። ኤኮኖሚክስና ከእርሱ ጋር የተያያዙ የፖለቲካ ሳይንስ ዘርፎች ተብሎ ተሰየመ። የቅርብ ዘመን የኤኮኖሚ ታሪክና የመንግሥት አስተዳደር ጥናት በውስጡ ነበሩበት። ማርሻል በር ለይቶ ቢሠራም፣ ክፍሉ መስኮት እንዲኖረው አስቦ ነበር ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪውም ገንዘቡም አነስተኛ ስለ ነበረ፣ ወጣት መምህራን እንዲያስተምሩ ከግል ገንዘቡ በዓመት 100 ፓውንድ ይከፍል ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የጠባቡ መንገድ ደጋፊዎች ድል ይመስል ነበር። ነገር ግን ማርሻል በ1908 ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን የወረሰው አርተር ፒጉ የተማረው ታሪክና የሥነ ምግባር ሳይንሶች ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ስሙ የገነነው ጆን ሜናርድ ኬንስም በ1905 ዲግሪውን ያገኘው በሒሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ በማርሻል ሥር ኤኮኖሚክስ አጠና፤ መምህሩ ወደ አዲሱ ፈተና እንዲቀርብ ቢገፋፋውም ሳይቀርብ ቀረ፤ የኤኮኖሚክስ ዲግሪ ሳይኖረውም የዘመኑን ኤኮኖሚክስ ለወጠ። በሌላ በኩል ደግሞ በሚቀጥለው ትውልድ ውስጥ ስሟ የታወቀው ጆን ሮቢንሰን በ1925 የጨረሰችው ይህንኑ የማርሻልን ትምህርት ነው። በ1920 ደግሞ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተቃራኒውን መንገድ መርጦ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኤኮኖሚክስን በአንድ ዲግሪ አጣመረ። ከዚህም ትምህርት ቤት ብዙ የእንግሊዝ መሪዎች ወጥተዋል። እንግዲህ ከሁለቱም በር ታላላቅ ሰዎች ስለ ወጡ፣ የዲግሪው ስም ብቻውን ሰውን አይሠራም።

የትምህርት ስፋትም ብቻውን ከስሕተት አያድንም። ማርሻል ያን ያህል ተምሮና ተዘዋውሮ፣ ሚስቱም የሙያ ጓደኛው ሆና ሳለች፣ ካምብሪጅ ለሴቶች ዲግሪ ይስጥ የሚለው ሐሳብ በ1897 ለድምፅ በቀረበ ጊዜ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመ። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ሜሪ በ1944 ስለ ሞተች ይህን አላየችም። ማርሻል ጁላይ 13 ቀን 1924 በካምብሪጅ ካረፈ በኋላ መጻሕፍቱ ለተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት መሠረት ሆኑ፤ ሜሪም እስከ እርጅናዋ ድረስ በዚያ በነፃ አገለገለች።

ከማርሻል ሕይወት ለመራጩ ወጣት የሚተርፈው ትምህርት ከዲግሪው ስም ይልቅ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነው። በመምህር ፊት፣ በወጣትነት፣ በየቀኑ ልምምድ ካልተያዙ በኋላ በጎልማሳነት ለመያዝ እጅግ የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። ሒሳብና የተስተካከለ የኤኮኖሚ ትንተና ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ ማርሻልን ለዕድሜው ሁሉ ያገለገለው በሃያ ሁለት ዓመቱ የጨበጠው መሣሪያ ነበር። ታሪክን ማንበብ፣ ፋብሪካን መጎብኘት፣ የድሀውን ኑሮ ቀርቦ ማየት ግን ከዲግሪም በኋላ ይቻላል፤ እርሱም ይህን ሲያደርግ ኖሯል። በአንጻሩ ጥያቄው ገና ያልተለየለት ተማሪ በሰፊው መንገድ ቢጀምር ጊዜውን አላጠፋም። ማርሻል ራሱ የሕይወቱን ጥያቄ ያገኘው በፍልስፍና ክርክር መካከል ነው። ጥያቄውን ያገኘ ሰው መሣሪያውን ይፈልግ፤ መሣሪያውን የያዘም ሰው ጥያቄውን አይርሳ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ተመራቂ፣ ዲግሪው የቱም ቢሆን፣ ትምህርቱ ገና አላለቀም።