ሙቀትን የገታ ቅይጥ፤ የሊቁ የአብራም ኢዮፌ ታሪክ

ለመንግሥትና ለሕዝብ የሚጠቅም ዕውቀት ባንድ ቀን አይገኝም፤ ባንድ ሰው ጕልበትም ብቻ አይፈጸምም። ዘርን ዘርቶ መከሩን የሚጠብቅ፣ ደቀ መዝሙር የሚያሳድግ፣ ሹመቱ ቢቀርበትም ሥራውን የማይተው ሰው ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የመስኮቡ የፊዚክስ ሊቅ አብራም ፌዶሮቪች ኢዮፌ ነበረ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኢዮፌ ጥቅምት 29 ቀን 1880 ዓ.ም. በሮምኒ ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ሮምኒ ዛሬ በዩክሬይን ውስጥ ትገኛለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ለመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ትገዛ ነበር። በ1902 ዓ.ም. በፔትሮግራድ፥ ያን ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በሚባለው፥ የቴክኖሎጂ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ሙኒክ ሄዶ በስሙ የሚጠራውን ጨረር ካገኘው ከሮንትገን ዘንድ ተማረ፤ በ1905 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1906 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1918 ዓ.ም. ከተማይቱ በረኀብና በብርድ በተጨነቀችበት ወራት የፊዚክስ ምርምር ክፍል አቋቋመ፤ ይህም በ1921 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ። ካፒጻ፣ ሴሚዮኖቭና ኩርቻቶቭ በእርሱ እጅ ካደጉት መካከል ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ በኋላ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ከ1930 ዓ.ም. ወዲህ ኢዮፌ ሐሳቡን ሴሚኮንዳክተር ወደሚባሉት ነገሮች መለሰ። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ኀይል እንደሚፈጠር ጀርመናዊው ዜቤክ በ1821 ዓ.ም. ደርሶበት ነበር። ነገር ግን ኤሌክትሪክን አጥርቶ የሚያስተላልፍ ብረት ሙቀትንም እንዲሁ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ትኵሱ ወገንና ቀዝቃዛው ወገን ፈጥነው ይተካከላሉ፤ ኀይሉም ከንቱ ይቀራል። ሴሚኮንዳክተር ግን ከዚህ የተሻለ ተስፋ ነበረው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ጥበብ ለሥራ ዋለ። ከጠላት በስተኋላ በዱር ለሚዋጉት አርበኞች ልዩ ድስት ተሠራላቸው፤ ከታች እሳት ሲነድበት፣ ከውስጥ ያለው ውሃ ሌላውን ወገን ሲያቀዘቅዝ፣ ለራዲዮ መልእክት የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር። ከጦርነቱም በኋላ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው መንደሮች የላምባ ፋኖስ ሙቀት ራዲዮን እንዲያናግር ተደረገ።

ሆኖም በ1950 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ በተለይ የአይሁድ ወገን የሆኑ ሊቃውንት አገራቸውን አይወዱም እየተባሉ በሚነቀፉበት ዘመን፥ ኢዮፌ ራሱ ካቋቋመው ተቋም አለቅነት ተሻረ። ዕድሜው ያን ጊዜ 70 ዓመት ነበረ። እርሱ ግን በ1952 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ የሴሚኮንዳክተር ላቦራቶሪ እንደ ገና ጀመረ፤ እርስዋም በ1954 ዓ.ም. ወደ ተቋምነት ከፍ አለች።

በ1956 ዓ.ም. ከባልደረቦቹ ጋራ ያወጣው ትልቁ ሐሳብ የተወለደው ከዚሁ ቤት ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ ሙቀት በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንዱ ከኤሌክትሮኖች ጋራ ነው፤ ሁለተኛው በአቶሞች መንቀጥቀጥ በሚነሣ ማዕበል ነው። የሚፈለገውም የመጀመሪያውን መንገድ ሳይዘጉ ሁለተኛውን መዝጋት ነበር። ኢዮፌና ባልደረቦቹ የአቶሞቻቸው አሰላለፍ አንድ ዓይነት የሆኑትን፣ በክብደት ግን የሚለያዩትን መቀየጥ መፍትሔ መሆኑን አስረዱ። ለምሳሌ የቢስሙትና የቴሉሪየም ውሁድ ከአንቲሞንና ከቴሉሪየም ውሁድ ጋራ ይቀየጣል።

በማኅሌት እኩል በሚያሸበሽቡት መካከል እርምጃው የተለየ ሰው ቢገባ ሥርዓቱ እንደሚሰበር፣ እንግዳው አቶም ባለበት ስፍራ አጭሩ የሙቀት ማዕበል ይበተናል። የኤሌክትሮን ማዕበል ግን ከዚያ የረዘመ ስለ ሆነ በትንሹ እንቅፋት ብዙ ሳይታወክ ያልፋል። ቅይጡ ኤሌክትሮኑንም ጥቂት ማወኩ ስለማይቀር መጠኑ በጥንቃቄ መመረጥ ይገባዋል።

ይህም ነገር ከመካከለኛ ስሌት ውጭ ነው። በተራ ሙቀት ጊዜ የሲሊኮን ሙቀት አስተላላፊነት በሜትርና በዲግሪ ወደ 150 ዋት፣ የጀርማኒየም ደግሞ ወደ 60 ዋት ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲቀየጡ ግን ወደ 10 ዋት ይወርዳል፤ ከሁለቱም ያነሰ ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ወደ ሩቅ ፕላኔቶች የተላኩት ሁለቱ የቮየጀር መንኰራኵሮች ከፕሉቶኒየም ሙቀት ኤሌክትሪክን ያገኙት በዚሁ የሲሊኮንና የጀርማኒየም ቅይጥ ነው።

ኢዮፌ ጥቅምት 14 ቀን 1960 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሊሞላው አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ዐረፈ። በዚያው ዓመት የተሻረበት ተቋም በስሙ እንዲጠራ ተደረገ። ሹመትን የሰጠ ሰው ሊነሣው ይችላል፤ በተማሪዎች ልብ የተተከለ ዕውቀት ግን በደብዳቤ አይሻርም። ስለዚህ የሊቃውንትን ቤት የሚያስተዳድር ሁሉ ሰውን ከሥራው ከማራቁ አስቀድሞ አገር የምታጣውን ሊመዝን ይገባዋል።