ልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅ በ1924 ዓ.ም. ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተድረው ወደ መቀሌ ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ በለጋ ዕድሜያቸው በዚያው ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ተቀበረ።

ስማቸው ጸንቶ የቆየው ግን ከቤተ መንግሥቱ ርቆ፣ ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረ ስፍራ ነው። በዶክተር ቶማስ ላምቢ አማካይነት የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ። ከየአገሩ የመጡ ሕሙማን ከታከሙም በኋላ የትውልድ ቀያቸው ስላልተቀበላቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ እርስ በርሳቸው ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው ቀሩ። ሆስፒታሉ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለርት ማዕከል መነሻ ሆነ። መንደሩም ከማዕከሉ ጎን አደገ፤ የታክሲ ረዳቶች ዛሬም ዘነበወርቅ እያሉ ይጠሩታል።