የራስ መኰንን አደራ

ከጁገል ውጭ በስተደቡብ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከሐኪም ጋራ ላይ ሐረርን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ግንቡና በውስጡ የቆመው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልን ዘመን ያስታውሱታል። ስለ ጦር ሜዳ ሥራቸውና ስለ መልእክተኛነታቸው ብዙ ተጽፏል። ለልጃቸው አደራ ያበጁበት መንገድ ግን እምብዛም አልተመረመረም።

ራስ መኰንን በ1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለ ነበሩ ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ አስተዳደሩ ለእርሳቸው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ከሞት የራቀ አልነበረም፤ በ1881 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌና በዓድዋ ዘመቱ፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ለንደን ተጓዙ።

በቤታቸውም ኀዘን ገባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ተፈሪ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አባትየው ሕፃኑን ለታመነ ዘመድ ሰጥተው አሳደጉ፤ ኋላም አባ ሳሙኤልንና የጓዴሎፑን ተወላጅ ሐኪም ዶክተር ቪታልያንን አስተማሪ አደረጉለት። በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ተፈሪ በ13 ዓመቱ፣ በመኳንንቱ ፊት ደጃዝማች ብለው የጋራ ሙለታን ግዛት ሰጡት። ይህ ሁሉ ጤና ሳለ የተደረገ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙና ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ሕመሙ ሲጠና ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ጽፈው ልጃቸውን በአደራ ሰጡ። በመጋቢት ወር በቁልቢ ዐረፉ።

አደራው ከፊሉ ብቻ ተፈጸመ። ምኒልክ ተፈሪን በቤተ መንግሥት አስቀመጡት፣ ትምህርቱንም እንዲቀጥል አደረጉ፣ የሰላሌንም ሹመት ሰጡት። ሐረር ግን ለታላቅ ወንድሙ ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠች፤ እርሳቸውም በ1900 ዓ.ም. ሲሞቱ ወደ ደጃዝማች ባልቻ ተላለፈች። ተፈሪ የአባቱን ግዛት ያገኘው በ1902 ዓ.ም. ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግዛት የንጉሥ ስጦታ እንጂ የራስ መኰንን ንብረት አልነበረም፤ ማንም በእጁ ያለውን እንጂ የእጁ ያልሆነውን ሊናዘዝ አይችልም። ሊያወርሱ የቻሉት ትምህርትን፣ በምስክር ፊት የተሰጠ ማዕረግንና የታመነ ሞግዚትን ነው። የጸናውም ይኸው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ በሥርዓት አስቀምጦታል። ኑዛዜ በምስክሮች ፊት በግልጽ፣ በተናዛዡ በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ወይም ሞት ሲቀርብ በቃል ሊደረግ ይችላል። የቃሉ ኑዛዜ ወሰኑ ጠባብ ነው፤ ስለ ቀብር፣ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት ብቻ ይሆናል። ንብረትን ለይቶ በአደራ ጠባቂ ማስተዳደርም በዚሁ ሕግ ተፈቅዷል። ከኑዛዜ በኋላ ልጅ ሲወለድ ወይም ጋብቻ በፍቺ ሲፈርስ፣ ቀድሞ የተጻፈው ስጦታ ሊሻር ስለሚችል፣ ኑሮ በተለወጠ ቁጥር ኑዛዜም መታደስ ይገባዋል።

ድልድይ የሚሠራ ሰው ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት መሠረቱን ያጠናል። ራስ መኰንንም ደብዳቤውን በሕመም አልጋ ላይ ቢጽፉም፣ ደብዳቤው የተደገፈበትን ሥራ ዓመታት ቀድመው አከናውነውት ነበር። አደራ ተቀባዩ ንጉሥ ቢሆን እንኳ፣ ልጁን ያቆመው ቀድሞ የተጣለው መሠረት ነው።