ከመድፈኛ ወታደርነት እስከ ገበሬዎች ማኅበር፤ የራይፋይዘን ሕይወት

ገበሬዎች ገንዘባቸውን በአንድነት እያስቀመጡ እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ይገኛል። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን ነው። ራይፋይዘን ባለጸጋ ወይም ባለባንክ አልነበረም፤ በዓይን ሕመም ምክንያት ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ መድፈኛ ወታደር ነበር።

ራይፋይዘን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን፣ ቬስተርቫልድ በሚባለው ደጋማ አካባቢ፣ ሐም በተባለች መንደር ተወለደ። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነበር። ልጆቹን ያሳደገች እናቱ ናት። ለከፍተኛ ትምህርት አቅም ስላልነበረ በ17 ዓመቱ በመድፈኛ ክፍል ተቀጠረ። በ1843 ዓይኑ በመታመሙ ወታደርነቱን ተወ። ከሁለት ዓመት በኋላም በርካታ መንደሮችን ያቀፈው የቫየርቡሽ ወረዳ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ትዳር የመሠረተውም በዚሁ ዓመት ነው።

ሹመቱን በያዘ በዓመቱ የእህል ምርት ተበላሸ፤ ድንቹንም በሽታ ፈጀው። በ1846 እና በ1847 መካከል በነበረው ክረምት ረሀብ ገባ። መንግሥት ዱቄት ቢልክም በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንዲሸጥ አዞ ነበር። ድሀው ገበሬ ግን ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ራይፋይዘን ትእዛዙን ወደ ጎን በመተው ዱቄቱን በዱቤ አከፋፈለ። የተሻለ ኑሮ ያላቸውን ነዋሪዎች አስተባብሮ የዳቦ ማኅበር አቋቋመ፤ የጋራ መጋገሪያ ቤትም አሠራ። ለሚቀጥለው እርሻ የሚሆን ዘር የተገዛውም በዚሁ ማኅበር አማካይነት ነው።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ተዛውሮ ሲሠራ ሌላ ችግር ገጠመው። ላም ወይም በሬ ለመግዛት ከአራጣ አበዳሪ የተበደረ ገበሬ ወለዱን መክፈል ሲያቅተው ከብቱንም መሬቱንም ያጣ ነበር። ራይፋይዘን 60 ያህል ባለሀብቶችን ዋስ አድርጎ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ከብት እየገዛ ለገበሬው ያስረክባል፤ ገበሬውም ዕዳውን በአምስት ዓመት ከፍሎ ይጨርሳል።

ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ድክመት ነበረበት። ባለሀብቶቹ ዋስነቱ እየሰለቻቸው ሄደ፤ ተበዳሪውም ማኅበሩን የራሱ አድርጎ አልተመለከተውም። በሄደስዶርፍ በ1854 የቋቋመው የበጎ አድራጎት ማኅበርም ተመሳሳይ ችግር ስለደረሰበት በ1864 ወደ ብድር ማኅበር ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ተበዳሪው ራሱ አባል ሆነ፤ አባላት ሁሉ ለማኅበሩ ዕዳ በጋራ ተጠያቂ ሆኑ። የማኅበሩ ክልል ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አካባቢ ተወሰነ። ትርፉ ለአባላት ሳይከፋፈል በመጠባበቂያነት ይቀመጥ ነበር። ከሒሳብ ሠራተኛው በስተቀር መሪዎቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር።

ለሌላው የደከመው ይህ ሰው በቤቱ ብዙ መከራ አሳልፏል። ከሰባት ልጆቹ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ባለቤቱ ኤሚሊም በ1863 አረፈች። በ1865 ጤናው ስለታወከና ዓይኑም ሊጠፋ ስለተቃረበ በ47 ዓመቱ በአነስተኛ ጡረታ ተሰናበተ። ቤተሰቡን ለማስተዳደር መጀመሪያ አነስተኛ የሲጋራ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም የወይን ጠጅ ንግድ ከፈተ። የማኅበሩን ሥራ ግን አላቋረጠም። የመጀመሪያ ልጁ አማሊ ደብዳቤዎችን እያነበበችለት፣ ቃሉንም እየጻፈች፣ ትዳር ሳትይዝ ከጎኑ ቆየች። ስለ ብድር ማኅበራት ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1866 ታትሞ አሠራሩን በየአገሩ አስፋፋ።

በ1872 የገጠር ማኅበራቱ ትርፍ ያለው እጥረት ላለበት የሚያበድርበት የጋራ ባንክ በኖይቪድ ተቋቋመ። በ1877 ደግሞ ማኅበራቱ በአንድ ኅብረት ታቀፉ። ራይፋይዘን በማርች 11 ቀን 1888 ሲሞት በኅብረቱ ሥር ከ400 በላይ ማኅበራት ነበሩ።

ከራይፋይዘን ሕይወት የማኅበር መሪዎች ሊገነዘቡት የሚገባው ቁም ነገር አለ። እርዳታ ረሀብን ለአንድ ክረምት ያስታግሳል። ማኅበር የሚጸናው ግን አባሉ ዕዳውንም ጥቅሙንም የራሴ ነው ሲል፣ መሪውም ሥልጣኑን መተዳደሪያ ሳያደርገው ሲያገለግል ነው። የማኅበር ገንዘብ የጎረቤት ላብ ነውና ጥበቃው ከመሪው ይጀምራል።