ሌቭ ቪጎትስኪ፡ የሕጻናትን አንደበትና ጨዋታ ያጠናው ምሁር አጭር ሕይወት

ሕጻኑ ዕቃ ለመያዝ እጁን ይዘረጋል፤ አይደርስበትም። እናቱ አይታው ዕቃውን ታቀብለዋለች። ይህ ሲደጋገም ሕጻኑ እጁን የሚዘረጋው ዕቃውን ለመያዝ ሳይሆን ለእናቱ ለማሳየት ይሆናል፤ ማመልከትን ተምሯል። በየቤቱ ከሚታየው ከዚህ እንቅስቃሴ ተነስቶ፣ የልጅ አእምሮ የሚያድገው ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት መሆኑን ያስረዳው ሌቭ ቪጎትስኪ ነው።

ቪጎትስኪ በአውሮፓውያኑ 1896 በዛሬዋ ቤላሩስ፣ ኦርሻ በተባለች ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ያደገው ጎሜል ውስጥ ነው። በዘመኑ የሩሲያ ንጉሣዊ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ አይሁዳውያንን ቁጥር በኮታ ይገድብ ነበር። ቪጎትስኪ ትምህርቱን በወርቅ ሜዳሊያ ቢያጠናቅቅም፣ ኮታው በውጤት መሆኑ ቀርቶ በዕጣ እንዲሞላ ተወሰነ። ዕጣው ወጣለትና ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በሕክምና ጀምሮ ወደ ሕግ ተዛወረ፤ በ1917 ወደ ጎሜል ተመልሶ በመምህርነት ተሰማራ።

በ1920 ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በሽታው እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ጥር 1924 ፔትሮግራድ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ጥናት ሞስኮ ወደሚገኘው የሥነ ልቦና ተቋም አስጠራው። በዚያም ከአሌክሳንደር ሉሪያና ከአሌክሴይ ሌዎንቲየቭ ጋር መሥራት ጀመረ። መስማትና ማየት የተሳናቸው ልጆች ትምህርትም አንዱ የሥራ መስኩ ነበር።

ትልቁ ሙግቱ ከስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ጋር ነበር። ትንንሽ ልጆች ሲጫወቱ ለብቻቸው ያወራሉ። ፒያዤ ይህ ንግግር ሌላውን ሰው ከግምት ያላስገባ፣ ልጁ እያደገ ሲሄድም የሚጠፋ አድርጎ አየው። ቪጎትስኪ ግን ልጆቹ የያዙት ሥራ ሲከብዳቸው ለብቻ ማውራታቸው እንደሚጨምር በሙከራ ተመለከተ። በእርሱ አስተያየት ንግግሩ አይጠፋም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ይሆናል።

በ1933 ሌኒንግራድ ውስጥ ስለ ጨዋታ ትምህርት ሰጠ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የፈለገውን አሁኑኑ ይሻል። ትንሽ ከፍ ሲል ግን ያላገኘውን በምናቡ መፍጠር ይጀምራል፤ እንጨት ፈረስ ይሆንለታል። በዚህ ጊዜ የቃል ትርጉም ከሚታየው ነገር ይላቀቃል። ልጁ የጨዋታውን ሕግ ሲያከብር ራሱን መግዛት ይለማመዳል፤ ከዕድሜውም በላይ ሆኖ ይገኛል።

ሰኔ 1934 ቪጎትስኪ በ37 ዓመቱ ሞተ። ስለ አስተሳሰብና ንግግር የጻፈው ዋነኛ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ በዚያው ዓመት ነበር። በ1936 የኮሚኒስት ፓርቲው ፔዶሎጂ የተባለውን የሕጻናት ጥናት ዘርፍ በማውገዙ ሥራዎቹ ከመድረክ ተገለሉ። መጽሐፉ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ዳግም የታተመው ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ1956 ነው፤ በ1962 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። የጨዋታው ትምህርትም በ1966 ለኅትመት በቃ።

ልጅ ዛሬ በትልቅ ሰው እገዛ የሚሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል የሚለው አስተምህሮው በብዙ አገሮች የመምህራን ማሠልጠኛዎች ይሰጣል። የቃላቱ ባለቤት ግን ይህን ለማየት አልታደለም።